ከመማሪያ ክፍል እስከ ሱፐርኢንቴንደንት ወንበር፦ አሜሪካ ላሉ ሐበሻ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲያትል ውስጥ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ይግቡ። ሐበሻ አያጡም። አውቶቡስ የሚነዳ አለ። ካፌቴሪያ የምትሠራ አለች። ረዳት መምህር፣ የሒሳብ መምህር፣ ኢሶል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ተማሪዎች) የምታስተምር አለች። ወደ ዋናው ቢሮ ሲወጡ ግን እየሳሳን እንሄዳለን። ጉብዝና አጥተን አይመስለኝም። መሰላሉ የት እንደተደገፈ የነገረን ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ መምህር ከክፍል ተነስቶ የትምህርት ዲስትሪክት ሱፐርኢንቴንደንት (የአንድ አካባቢ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዋና ኃላፊ) ለመሆን ምን እንደሚያስፈልገው፣ ከሆነ በኋላም እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ወደ 160 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉት። ለወላጆች የሚላኩ ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይተረጎማሉ። የስንቶቻችን ልጆች ያደጉበት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ የሚዘጋጀው ዲግሪ በመደራረብ ነው። ወንበሩን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ግን የዲስትሪክቱ ቦርድ ነው። ቦርዱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲነጋገር የሚውለው ስለ ገንዘብ ነው። ቦርድና በጀት ያልገባው ሰው ሁለት ዶክትሬት ቢይዝም ሩቅ አይሄድም። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ዓይን የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ ወንበሩን ይወቁት

አሜሪካ ውስጥ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። አብዛኞቹ በሕዝብ የተመረጠ ቦርድ አላቸው። ቦርዱ ፖሊሲ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሱፐርኢንቴንደንት ይቀጥራል። ከዚያ በታች ያለው ሠራተኛ ሁሉ በሱፐርኢንቴንደንቱ ይመራል። የሥራው አመጣጥም ይህንኑ ያሳያል። በ1837 ቡፋሎና ሉዊቪል የመጀመሪያዎቹን ሱፐርኢንቴንደንቶች ሲቀጥሩ ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ በዙ፣ ኮሚቴዎቹም በትርፍ ጊዜያቸው መምራት አቃታቸው። ሰውየው ከመጀመሪያውም ተቀጣሪ ነበር።

አገር ቤት የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊን እናውቃለን። እሱ በአስተዳደሩ ይሾማል፤ መመሪያም ከላይ በክልሉ ትምህርት ቢሮ በኩል ይወርድለታል። እዚህ የፌዴራሉ መንግሥት በቅጥሩ ውስጥ እጁን አያስገባም። ሕጉ የስቴቱ ነው፤ ቅጥሩ የቦርዱ።

ለየት ያሉ ቦታዎች አሉ። የዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ2007 ጀምሮ በከንቲባው ሥር ናቸው፤ መሪያቸውም ቻንስለር ይባላል። ኒው ዮርክ ከተማም ቻንስለሩን የሚሾመው ከንቲባው ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ሱፐርኢንቴንደንት በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥባቸው ካውንቲዎች አሉ። እርስዎ ያሉበት ቦታ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። መንገዱ ይለያያል።

1. ወረቀትዎን ያስተካክሉ

አሰልቺው ክፍል ይህ ነው፤ ግን አይዝለሉት። ዲግሪዎ ከአገር ቤት ከሆነ በታወቀ ገምጋሚ ድርጅት ያስገምግሙት። ግምገማው ኮርስ በኮርስ የተዘረዘረ ይሁን። ለሥራ ብቻ የሚሆነው አጭሩ ግምገማ ለመምህርነት ላይሰንስ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ስለሚጠየቅ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሬጅስትራር ቢሮ መመላለሱ አይቀርም። ቀደም ብለው ይጀምሩ። ስምዎ በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በሶሻል ሴኩሪቲው ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከሆነ (የማናችን ነው ያልሆነው?) ያንንም አሁኑኑ ያስተካክሉ።

የሱፐርኢንቴንደንት ፈቃድ መስፈርት በየስቴቱ ይለያል። የሜሪላንድ ሕግ ለምሳሌ እጩው ከታወቀ ኮሌጅ የተመረቀ፣ ከዚያም በላይ የሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቃል። በዚያ ውስጥ የትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ሱፐርቪዥንና የማስተማር ዘዴ መኖር አለባቸው። ከስቴቱ ሱፐርኢንቴንደንት የሚሰጥ ሰርተፊኬትም ያስፈልጋል። ልብ ይበሉ፤ ዶክትሬት የሚል ነገር የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በሴፕቴምበር 2025 የዴ ሞይን፣ አይዋ ሱፐርኢንቴንደንት በኢሚግሬሽን ፖሊሶች ተያዘ። ከውጭ አገር የመጣና በከተማው የተወደደ ሰው ነበር። የሥራ ፈቃድ እንዳልነበረው ተገለጸ። ተከትሎም አለኝ ያለው አንድ የዶክትሬት ዲግሪ እንዳልነበረው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የቦርድ ጠበቆች የእጩን ሰነድ ሲያዩ አይቀልዱም። በሲቪዎ ላይ ያልጨረሱትን ትምህርት «በሂደት ላይ» ብለው ይጻፉት። ያልሆነን ነገር ማስዋብ በየትኛውም ደረጃ አይጠቅምም፤ እዚህ ደረጃ ላይ ግን ያጠፋል።

2. ከረዳትነት ወደ መምህርነት፣ ከመምህርነት ወደ አስተዳደር

ረዳት መምህር ከሆኑ ዲስትሪክትዎን ይጠይቁ። ብዙዎቹ ሠራተኞቻቸውን ወደ ሙሉ መምህርነት የሚያሻግሩበትና የትምህርት ክፍያ የሚደግፉበት ፕሮግራም አላቸው። በየሰው ኃይል ቢሮው የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ የእርስዎ ፋንታ ነው።

መምህር ከሆኑ በኋላ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። ሐበሻ መምህር ቶሎ ኢሶል ክፍል ይገባል። ወላጅ ሲመጣ ያስተረጉማል። ስብሰባ ሲኖር «አንተ ቋንቋውን ታውቃለህ» ይባልና ይጠራል። ሁሉም ይወደዋል። አሥር ዓመት ያልፋል። ኢሶል ክቡር ሥራ ነው፤ ግን ወደ አስተዳደር የሚወጡ ከሆነ ሌላም ነገር ያስፈልግዎታል። የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ይጠይቁ። የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅድ ኮሚቴ ይግቡ። ከሁሉም በላይ ማስተር ስኬጁል የሚሠራው ሰው አጠገብ ይቀመጡ። የትኛው መምህር የትኛውን ክፍል በየትኛው ሰዓት እንደሚያስተምር የሚወስነው ያ ሰንጠረዥ የትምህርት ቤቱ እውነተኛ ፖሊሲ ነው። ደካማ ተማሪዎች ለአዲስ መምህር፣ ጎበዞቹ ለአንጋፋው ሲሰጡ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ የአስተዳደር ላይሰንስ ይመጣል። ማስተርስ፣ ተግባራዊ ልምምድ፣ በብዙ ስቴቶችም የትምህርት ቤት መሪዎች ፈተና አለ። ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህር፤ ቀጥሎ ርዕሰ መምህር።

ርዕሰ መምህር ሲሆኑ ከሚማሩት ሁሉ ከባዱ ደካማ መምህርን መገምገም ነው። የኛ ሰው እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘዋል። «ልጆች አሉት፣ እንዴት እንጀራው ላይ እቆማለሁ?» ይላል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለዚህ ከመምህራን ማኅበሩ ጋር የዘረጋው ሥርዓት ሊጠና ይገባል። አዲስ መምህርና ችግር ያለበት መምህር አማካሪ መምህር ይመደብለታል። አማካሪው ክፍል ገብቶ ያያል፣ ያግዛል፣ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ስምንት መምህራንና ስምንት ርዕሰ መምህራን ያሉበት ፓነል ጉዳዩን አይቶ ለሱፐርኢንቴንደንቱ ሐሳብ ያቀርባል። ማኅበሩ ራሱ ከውሳኔው ውስጥ ስላለ «በጥላቻ አባረሩኝ» የሚለው ክስ ይቀንሳል። መምህሩም እርዳታ ሳያገኝ አይባረርም።

3. ዋናው ቢሮ ሲገቡ ገንዘቡ ያለበትን ክፍል ይምረጡ

ከርዕሰ መምህርነት ቀጥሎ ያለው እርከን የዲስትሪክቱ ዋና ቢሮ ነው። እዚህ ላይ ለሐበሻ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የወላጆች ግንኙነት ወይም የብዝኃነት ቢሮ ነው። በአክብሮት ያመስግኑና ሌላውን በር ያንኳኩ። በጀት፣ የሰው ኃይል፣ ትራንስፖርትና ግንባታ፣ ወይም የትምህርት ቤቶች ቀጥታ ቁጥጥር። ቦርድ ሱፐርኢንቴንደንት ሲመርጥ «ይህ ሰው ትልቅ ገንዘብ አስተዳድሮ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። «በዓል አዘጋጅቷል?» ብሎ የሚጠይቅ ቦርድ የለም።

የበጀቱን የቀን መቁጠሪያ በቃልዎ ይያዙት። ሞንትጎመሪ ላይ እንዲህ ይሄዳል። ሱፐርኢንቴንደንቱ በዲሴምበር ረቂቅ ያቀርባል። ቦርዱ በጃንዋሪ ሕዝብ ያዳምጣል፤ በፌብሩዋሪ ያጸድቃል። ከዚያ ወደ ካውንቲው ይሄዳል። በማርች የካውንቲው አስተዳዳሪ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል። በሜይ ካውንስሉ (የካውንቲው ምክር ቤት) ይቆርጣል ወይም ይሰጣል። በጁን ቦርዱ በተሰጠው ልክ ያስተካክላል። ጁላይ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ሱፐርኢንቴንደንቱ ሁለት ጊዜ ያሳምናል፤ አንዴ ቦርዱን፣ አንዴ ካውንስሉን።

ቁጥር ሲያነቡ በጀቱ የት እንደሚታጠፍ ይወቁ። ከዲስትሪክት ወጪ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ነው። መብራት ብናጠፋ፣ ወረቀት ብንቆጥብ የሚባለው ወሬ ትልቁን ቁጥር አይነካውም። ትልቁን ቁጥር የሚነካው የክፍል ተማሪ ብዛት ነው። በግምት እናስላው። 160 ሺህ ተማሪ በ25 ሲካፈል 6,400 ክፍል ይሆናል። በ26 ሲካፈል ወደ 6,154 ይወርዳል። አንድ ተማሪ ብቻ በየክፍሉ ሲጨመር ወደ 246 መምህር ይቀነሳል ማለት ነው። አንድ መምህር ከነጥቅማ ጥቅሙ 100 ሺህ ዶላር ያስወጣል ብንል ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። እውነተኛው ስሌት ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ሆኖም ካውንስሉ «ትንሽ ቀንሱ» ሲል ምን እያለ እንደሆነ ይህ ያሳያል። ይህን ስሌት ቆመው በሁለት ደቂቃ ማስረዳት የሚችል ሰው ክፍሉ ውስጥ ይታወሳል።

ዶክትሬቱስ? ብዙ ሱፐርኢንቴንደንቶች አላቸው፤ የቅጥር ማስታወቂያዎችም «ይመረጣል» ይላሉ። እየሠሩ የሚማሩበትን፣ መመረቂያ ጽሑፉም በራስዎ ዲስትሪክት ችግር ላይ እንዲሆን የሚፈቅደውን ፕሮግራም ይምረጡ። በብድር ብዛት ግን አይታነቁ።

4. ቦርዱን ይማሩት

የቦርድ ስብሰባ ሄደው ያውቃሉ? ካልሄዱ ይሂዱ። ኦንላይን ማየት ይረዳል፤ አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ግን ሌላ ነው።

ሱፐርኢንቴንደንቱ ከአባላቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ድምፅ ግን የለውም። ወላጆች ተራ በተራ ወደ ማይክሮፎኑ ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ቀይ መብራት ሲበራ አረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። ከአባላቱ አንዷ ትጽፋለች፤ ሌላው ስልኩን ያያል። አሁን የምትጽፈዋን ይመልከቱ። የትኛው ተናጋሪ ሲመጣ ነው ቀና ያለችው? የየትኛውን ሠፈር ወላጅ በስም ታውቃለች? ከዚያ የሠራተኞች ሪፖርት ይቀርባል። አንድ አባል መልሱን እያወቀች ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥያቄው ለሱፐርኢንቴንደንቱ ይመስላል፤ የተነገረው ግን ለመራጮቿ ነው። ይህን ማንበብ የቻለ ሰው ከግማሽ በላይ ሄዷል።

ሞንትጎመሪ ሰባት በሕዝብ የተመረጡ አባላትና አንድ ተማሪ አባል አለው። ከሰባቱ አራቱን ያጣ ሱፐርኢንቴንደንት ሥራ የለውም። ጆሹዋ ስታር በ2011 የሞንትጎመሪ ሱፐርኢንቴንደንት ሆኖ መጣ። በአገር አቀፍ ደረጃ ስሙ ገነነ፤ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ሆነው የሚሰጡ መደበኛ ፈተናዎች ለሦስት ዓመት ይቁሙ ብሎ ተከራከረ፣ ጋዜጣም ቴሌቪዥንም ጠቀሰው። በፌብሩዋሪ 2015 ውሉን ለማደስ የሚበቃ ድምፅ ከቦርዱ እንደማያገኝ ታወቀ። ተሰናበተ። ስም አገር ያዳርሳል፤ ድምፅ ግን የሚቆጠረው እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ልማዶች ዛሬውኑ፣ ገና በመካከለኛ ኃላፊነት ላይ እያሉ ይያዙ።

አንድ አባል የጠየቀችውን መልስ ለሁሉም ይላኩ። ለአንዷ ብቻ የተነገረ መረጃ ነገ ለሌላው ቁስል ነው።

ክፉ ዜና ከጋዜጣ በፊት ይድረሳቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ተገኘ? ለቦርዱ ስልክ ሳይደወል ከሰዓት በኋላ እንዳይሆን።

አባላቱ ሁሉም ስለ ሠራተኛ፣ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ልጃቸው መምህር ይደውላሉ። ያዳምጡ፣ ያስተላልፉ፣ መልስ ይስጡ። ነገር ግን ርዕሰ መምህር እንዲሾሙ ወይም እንዲያነሱ አይፍቀዱላቸው። ያንን አንዴ የለቀቀ ሰው ዳግም አያገኘውም።

5. ማመልከቻው

ቦርዶች ፍለጋውን ብዙ ጊዜ በአማካሪ ድርጅት ያካሂዳሉ። ድርጅቱ ወላጅ፣ መምህርና ነጋዴ ሰብስቦ «ምን ዓይነት ሰው ትፈልጋላችሁ?» ይላል። ከዚያ የሚፈለገውን ሰው መግለጫ ያወጣል። መግለጫውን ሦስት ጊዜ ያንብቡት። «መተማመንን የሚመልስ» የሚል ካለ የቀድሞው ሰው በጥል ነው የወጣው። «ግልጽ የበጀት ልምድ» ካለ ቀዳዳ አለ። የሦስት ዓመት የቦርድ ቃለ ጉባኤና የኦዲት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ያንብቡት። ከሃያ እጩ አንዱ ቢያነብ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ዲስትሪክት ይሞክሩ። የሁለት ሺህ ተማሪዎች ዲስትሪክት የሚመራ ሰው ከቦርድ እስከ ቧንቧ ሁሉንም ይነካል። ሚሼል ሪድ ትልቁን የቨርጂኒያ ዲስትሪክት ፌርፋክስን ከመያዟ በፊት በዋሽንግተን ስቴት ኖርዝሾር የሚባል በጣም ያነሰ ዲስትሪክት ትመራ ነበር። በማርች 2020 ኮቪድ ሲገባ ትምህርት ቤቶቹን ዘግታ ወደ ኦንላይን ካዞሩት የመጀመሪያዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። በ2021 የአገሪቱ የዓመቱ ሱፐርኢንቴንደንት ተባለች። በ2022 ፌርፋክስ ጠራት።

አክሰንት የሚያስፈራቸው ካሉ የአልቤርቶ ካርቫልዮን መንገድ ይዩ። በወጣትነቱ ከፖርቱጋል መጥቶ ሳህን አጥቧል፣ ግንባታ ላይ ሠርቷል፣ ወረቀትም አልነበረውም። ማያሚ ውስጥ ፊዚክስ አስተማረ። ዋናው ቢሮ ሲገባ የያዘው የሕዝብ ግንኙነትና ከሕግ አውጪዎች ጋር የሚደረግ ሥራ ነበር። በ2008 ማያሚ ዴድን ያዘ፤ በ2022 በዓመት 440 ሺህ ዶላር ሎስ አንጀለስ ቀጠረችው። የእሱም ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። በማርች 2018 የኒው ዮርክን ቻንስለርነት እሺ ካለ በኋላ፣ ማያሚ ላይ በቀጥታ ስርጭት በተላለፈ የቦርድ ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ኒው ዮርክ አፈረች። እርስዎ ገና ስም ሳይኖርዎት እንዲህ ቢያደርጉ አማካሪ ድርጅቶቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ሌላው ነገር፦ ብዙ ስቴቶች የመጨረሻ እጩዎችን ስም ይፋ ያደርጋሉ። የአሁኑ አለቃዎ ከጋዜጣ ከሚሰማ ከእርስዎ ይስማ።

6. ውሉ

የራስዎን ጠበቃ ይያዙ። የቦርዱ ጠበቃ የቦርዱ ነው። ስለ ደመወዝ ሁሉም ይከራከራል። እርስዎ የሚከራከሩት ስለ መለያያው ይሁን፦ ያለ ጥፋት ቢያሰናብቱ ስንት ወር ይከፈላል? ግምገማው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መስፈርት፣ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? በሥራ ምክንያት ቢከሰሱ የጠበቃ ወጪ የማን ነው?

ሜሪላንድ ከሆኑ ቀኖቹ በሕግ የተወሰኑ ናቸው። የሥራ ዘመኑ ከጁላይ 1 ጀምሮ አራት ዓመት ነው። ዘመኑ በሚያልቅበት ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ 1 እንደገና መቀጠል መፈለግዎን ለቦርዱ ያሳውቃሉ። ቦርዱ እስከ ማርች 1 ይወስናል። ሹመቱን የስቴቱ ሱፐርኢንቴንደንትም በጽሑፍ ማጽደቅ አለበት። በፌብሩዋሪ 1 የሚላክ ደብዳቤ በጃንዋሪ አይታሰብም። ድምፁን ባለፈው በጋ ቆጥረው መጨረስ ነበረብዎ።

7. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ሁሉም «አዳምጡ» ይላል። ልክ ነው፤ ማዳመጥ ብቻ ግን አይበቃም። በመጀመሪያው ሳምንት እነዚህን ፋይሎች ጠረጴዛዎ ላይ ያስመጡ፦ የመጨረሻው ኦዲት፣ በፍርድ ቤት ያሉ ክሶች፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት አቤቱታዎች፣ በሠራተኞች ላይ የቀረቡ ቅሬታዎችና ዛሬ የደረሱበት ደረጃ።

የመጨረሻው ተራ ወረቀት ሊመስል ይችላል። በሞንትጎመሪ ሞኒፋ ማክናይት በ2022 በቋሚነት የተሾመች የመጀመሪያዋ ሴት ሱፐርኢንቴንደንት ነበረች። በ2023 በተደጋጋሚ ቅሬታ የቀረበበትና ምርመራ ላይ የነበረ አንድ ርዕሰ መምህር የደረጃ ዕድገት ማግኘቱ ይፋ ሆነ። ነገሩ የካውንቲውን መርማሪዎች አንቀሳቀሰ። በፌብሩዋሪ 2024 ከቦርዱ ጋር ተስማምታ ሥራዋን ለቀቀች። ስለዚህ አንድ ቀላል ሕግ ያውጡ፦ ማንም ሰው ወደ ሹመት ዝርዝር ከመግባቱ በፊት ክፍት ምርመራ እንደሌለበት አንድ ሰው በፊርማው ያረጋግጥ። የሚፈርመው ሰው ስም ይታወቅ።

በረዶስ? ይሳቁ እንጂ፣ ሕዝብ ሱፐርኢንቴንደንቱን በስም የሚያውቀው በበረዶ ቀን ነው። በዚህ አገር ሰዓት ሌሊት ሦስት ላይ የትራንስፖርት ሰዎች መንገድ ሊያዩ ይወጣሉ። ዋናው ጎዳና ተጠርጓል፤ የገጠሩ መንገድ ግን መስታወት ነው። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ይደወላል። የአውቶቡስ ሹፌሮቹ ከመነሳታቸው በፊት መወሰን አለበት። ከዘጉ፣ ሁለት ሥራ የምትሠራው እናት ልጇን ለማን ትተው? ካልዘጉና አንድ አውቶቡስ ከተንሸራተተስ? ደግሞ ከጠዋቱ በኋላ ፀሐይ ከወጣ ይሳለቁብዎታል። ዝም ብለው ምክንያቱን በሦስት መስመር ይጻፉ፤ በሁሉም ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይላኩት። የአማርኛው ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ከሆነ ባይላክ ይሻላል።

8. አንድ ነገር ይምረጡና ይዘልቁበት

ጄሪ ዊስት በ1999 ሞንትጎመሪ ሲገባ ካውንቲውን በካርታ ከፈለው። ድህነትና አዲስ መጤ የበዛበትን ቀይ ዞን፣ የተሻለ ኑሮ ያለበትን አረንጓዴ ዞን አለው። ለቀዩ ተጨማሪ ገንዘብ፣ አነስ ያለ ክፍል፣ የሙሉ ቀን መዋዕለ ሕፃናት አስቀደመ። ሀብታሙ ሠፈር ለምን አላመፀበትም? ለእነሱም ከፍ ያለ ትምህርት እንዲስፋፋ አደረገ፤ መለኪያውንም ለሁሉም አንድ አድርጎ ወደ ኮሌጅ ዝግጁነት ሰቀለው። የሠራተኛ ማኅበሮቹንም ከጎኑ አሰለፈ። 12 ዓመት ቆየ። በ2010 ዲስትሪክቱ የማልኮም ባልድሪጅ ብሔራዊ የጥራት ሽልማት አገኘ። ተቺዎችም አልጠፉትም፤ ከላይ ወደ ታች ያዛል ይሉት ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ መፈክር አላመጣም። ቦርዱ ቢለዋወጥም ካርታው ያው ነበር።

9. ስምዎ የሚለጠፍበት ነገር

ሱፐርኢንቴንደንት ያልወሰነውን ይሸከማል። በማርች 2023 ሞንትጎመሪ ወላጆች ልጆቻቸውን የተመሳሳይ ጾታ ጉዳይ ካለባቸው የልጆች የተረት መጻሕፍት ንባብ የማስወጣት ዕድላቸውን አስቀረ። የተለያየ እምነት ወላጆች ተቃወሙ። ሮክቪል በተደረገው ሰልፍ ከሙስሊሞች ጋር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኞችም ነበሩ። ቶማስ ቴይለር በሞንትጎመሪ ሱፐርኢንቴንደንትነት ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በጁላይ 2024 ነው፤ ክሱ ግን «ማሕሙድ በቴይለር ላይ» ተብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 27 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ለወላጆቹ ወሰነ። በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ለዘላለም የሚኖረው የእሱ ስም ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ የግል አስተያየትዎን ለቤትዎ ይተዉት። ሕጉን ከጠበቃው ጋር ያንብቡ፣ ለርዕሰ መምህራን በማግሥቱ ምን እንደሚያደርጉ ግልጽ መመሪያ ይስጡ።

10. ወገን ሲመጣ

ይህን በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ውስጥ አያገኙትም። ሐበሻ ሱፐርኢንቴንደንት ቀርቶ ርዕሰ መምህር ሲሆን ስልኩ አያርፍም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ ይያዛል። «ልጄ፣ አንተ ካለህማ ምን እንቸገራለን! የእህቴን ልጅ ካፌቴሪያ አስገባልኝ።» «የኔን ልጅ ወደዚያኛው ትምህርት ቤት አዛውርልኝ፤ ለአንተ አንድ ፊርማ ነው።»

መቆጣት አያስፈልግም። መሸሽም ነውር ነው። አንድ መልስ ያዘጋጁና ለሁሉም ያንኑ ይናገሩ፦ «እማማ፣ ቅጹን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብላችሁ ትሞሉታላችሁ። ውሳኔው ግን የኔ እጅ አይገባም።» ፋይሉን አይንኩት። ስለ ዘመድዎ ማመልከቻ ለሠራተኛዎ ኢሜይል አይላኩ፤ «እየው እስቲ» የምትል ቃል እንኳ የሕዝብ መዝገብ ናት። ዘመድዎ ዲስትሪክቱ ውስጥ ከሠራ ወይም ኮንትራት ካለው በጽሑፍ ያሳውቁ።

ለማኅበረሰቡ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ወላጆች በጃንዋሪ የበጀት መድረክ ላይ እንዲመሰክሩ ማስተማር። አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ ማሳየት። ዕድሩና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰው ያሰባስባሉ፤ ቦርዱ ግን ፊታቸውን አያውቅም። ለዚህ ሱፐርኢንቴንደንት መሆን አያስፈልግም። በዚህ ዲሴምበር ረቂቅ በጀቱ ሲወጣ የኢሶልን መስመር ይፈልጉ። ካለፈው ዓመት ጋር ያነጻጽሩ፤ የተማሪው ቁጥር ጨምሮ መምህሩ ካልጨመረ ልዩነቱን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ለምስክርነት ይመዝገቡ። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው በሚከፈትበት ቀን ይጠብቁት።